ለአሮጊቷ የተነሣንበት ቀን

ቅዳሜ፣ ግንቦት 19 ቀን 1998፣ ስቶክሆልም

ዛሬ አምስት ሽማግሌዎች ከአንድ አግዳሚ ወንበር መነሣታቸው ለሕዝብ በይፋ ይገለጻል።

እዚህ ካለው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰዎች ጋር የባሕሩን ዳር ይዘን፣ ጫካውን አቋርጠን ስንሄድ ዋልን። ውሃው ያንቀላፋ ይመስላል፤ ጀልባዎቹም ድምፅ የላቸውም፣ በሕልም እንደሚያልፉ ናቸው። ጓደኛዬ ሰይድ ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሣቅ የሚባል አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ብነካካውም ጠጠር በእግሩ እየመታ መሄዱን ቀጠለ።

አምስታችን አግዳሚ ወንበር ላይ አረፍ እንዳልን አንዲት ስዊድናዊት አሮጊት መጡ። «ኖር!» ብለን ሁላችንም ብድግ አልን። እሳቸው የምንሄድ መስሏቸው አመስግነው መሐል ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውን በአንድ ጎን፣ ውሻቸውን በሌላው አደረጉ። እኛ ቆመን ቀረን።

«ሰይድ፣ እንግዲህ ‹በእግዜር› እስኪሉን መቆም ነው» አልኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ እስኪመሽ ልንቆም? እዚህ አገር ደግሞ አይመሽም!» አለና በሣቅ ፈነዳ። ጫካው ሁሉ አስተጋባ።

ጫካው አስተጋባ ያልኩት ውሸቴን ነው። የሰይድ ትከሻ ብቻ ነው ንቅንቅ ያለው። ግን መሣቁን አይቻለሁ።