ሜዳውን ተራራ ያለው ሴንሰር

ጥቅምት 9 ቀን

ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፤

እንደምን ከረምሽ? እናትሽ ደህና ናት፤ ጉልበቷንም ተሽሏታል። እኔም ደህና ነኝ፤ ሀፍረት በሽታ ካልተባለ።

የአዋላጇን መኪና መቼም አትረሺውም። አቀበት ላይ አቅም እያጣ ሲያስቸግራት ወደ ጋራዣችን አመጣችው። አንቺ «አባዬ፣ የአየር ግፊቱን ሴንሰር እንየው» ስትዪኝ፣ «ከወረቀት የተማረ መካኒክ ወረቀት ይጠግን» ብዬ ደንበኛ አሳቅሁብሽ። መፍቻሽን በጨርቅ ጠርገሽ አስቀመጥሽና ወጣሽ። በወሩ ከአገር ሄድሽ።

ከዚያ ወዲህ ካንዴላ ቀየርኩ፣ የነዳጅ ፓምፕ ቀየርኩ፤ አልሆን ሲለኝ «አነዳድሽ ነው» አልኳት። ባለፈው ሳምንት ምጥ የያዛት ሴት ጭና ወደ ሆስፒታል ስትወጣ የመኪናው ሞተር አቀበቱ መሃል ጠፋባት። ሕፃኑ የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። ተመስገን፣ እናትም ልጅም ተርፈዋል። አዋላጇ መኪናውን አስጎትታ ስታመጣው አልተቆጣችም። «እባክዎ፣ አንዴ በደንብ ይዩልኝ» ብቻ አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ትተሽው የሄድሽውን የመመርመሪያ ማሽን ከመደርደሪያ አወረድኩ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍቼ፣ ሴንሰሩ የውጭውን አየር ግፊት ስንት እንደሚል አየሁ። ስልሳ። አጠገቡ የቆመውን የጎረቤታችንን መኪና ለካሁ። መቶ። ሁለቱም አንድ ግቢ፣ አንድ አየር ውስጥ ናቸው። ሽቦውን ፈተሽኩ፤ ኤሌክትሪኩ በደንብ ይደርሰዋል። ጥፋቱ የራሱ የሴንሰሩ ነበር። ሜዳ ላይ ቆሞ «ተራራ ጫፍ ነኝ፣ አየሩ ሳስቷል» ይላል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም አምኖት ነዳጅ ይቀንሳል። አዲስ ብገጥምለት አቀበቱን እንደ ፍየል ወጣው።

አዋላጇ «እጅዎ ይባረክ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ስትለኝ «አሜን» አልኩ። ስምሽ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። እንዲሁ ሦስት ቀን አለፈ።

ዛሬ ጠዋት ሥራ ቦታዋ ሄጄ ነገርኳት፤ አንቺ ገና ያኔ እንዳወቅሽው፣ እኔም እንዳሳቅሁብሽ። አዋላጇም «ለእሷስ ነግረዋታል?» አለችኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። ተመለሽ ለማለት አፍ የለኝም።

የነካሽው ሁሉ ይጠገን፤ ስትናገሪ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።

አባትሽ