ፎሎው አፕ እየተደረገበት ስላለው ሊፍት

ለተከበሩ የሕንፃችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ ምድር ቤት ስለሆነ ክፉ እንደማያገኘው አምናለሁ፤ ቢሆንም እኔ ከአምስተኛ ፎቅ ሆኜ ደህንነቱን ዘወትር እመኝለታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ባያስታውሱ አልቀየምም። ከደረጃው አናት ላይ የምኖረው የእንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ ከሕንፃው ፊት ለፊት ባለችው ፀጉር ቤት ይሠራ የነበረው ሰው ሚስት። ይህን ደብዳቤ በሊፍቱ በር ላይ የምለጥፈው፣ በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ፎሎው አፕ እየተደረገባቸው ስለሆነ ነው። በሩ ፈጽሞ ስለማይከፈት ለማስታወቂያ ሰሌዳነት ተመችቷል፤ ለዚህም ውለታዎ አመሰግናለሁ።

«ፎሎው አፕ» የምትባለውን ቃል ክፍል ውስጥ ሳስተምር፣ ልጆቹ በየቀኑ ከሚያዩት ነገር ተነሥተው ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩባት አዛለሁ። አንዲት ተማሪዬ «ሐኪሙ ቁስሌ እስኪድን ፎሎው አፕ አደረገልኝ» ብላ ብትጽፍ ሙሉ ነጥብ ሰጥቻታለሁ። አንድን ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላው መከተል ማለት ነው ብዬ ነው የማስተምረው። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ግን በመማሪያ መጽሐፋችን የሌሉ ዓረፍተ ነገሮችን አስተምሮኛልና፣ ያገኘሁትን እውቀት እንደሚከተለው በአክብሮት አቀርባለሁ።

፩ኛ. «ፎሎው አፕ እያደረግንበት ነው።» ይህን የነገሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ወንበር ስበውልኝ፣ በፈገግታ። ባለቤቴ እግሩ ከታመመ ወዲህ ደረጃ መውረድ እንደማይችል፣ ፀጉር ቤቱ ከመስኮታችን ቁልጭ ብላ እንደምትታየው፣ አንዴ ወርዶ መቀሱን ከመያዝ በቀር ሌላ ምኞት እንደሌለው አጫወትኩዎት። ራስዎን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እኔም እቤት ገብቼ ቃሏን ለባለቤቴ ተረጎምኩለት፤ መምህርት ነኝና አመነኝ። በማግስቱ ነጭ ጋውኑን አሳጠበኝ፤ ተኩሼ ከበሩ ኋላ ሰቀልኩት።

፪ኛ. «ቴክኒክ ክፍሉን ፎሎው አፕ አድርጊ።» አደረግሁ። ቴክኒክ ክፍሉ ዕቃ ግምጃ ቤቱን ፎሎው አፕ እያደረገ አገኘሁት። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ግዥ ክፍሉን፣ ግዥ ክፍሉ የእርስዎን ፊርማ፣ ጸሐፊዎ ደግሞ መልሳ ቴክኒክ ክፍሉን። እንዲህ ሁሉም የሌላውን ጀርባ እየተከተለ ሲዞር ፊቱን ወደ ሊፍቱ ያዞረ አንድ ሰው አጣሁ። ሥራ ፈት አለመኖሩን ግን እመሰክራለሁ።

በዚህ መሀል የባለቤቴ ደንበኞች ወደ እኛ ይወጡ ጀመር። ሳሎን ውስጥ ወንበር አዘጋጅቼላቸው፣ ባለቤቴ በአንድ እጁ መደገፊያውን ይዞ በሌላው ያስተካክላቸው ነበር። ተቀመጥና ሥራ ብዬ ብለምነው እሺ አላለኝም፤ ተቀምጦ የሰው ራስ መንካት እሱ ዘንድ ነውር ነበር። ዳሩ ግን ሰዎቹ እያለከለኩ እንጂ በደህና አይደርሱም። አንድ ጡረተኛ ጎረቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ አረፍ ብለው ከዚያው ተመለሱ። ቀስ በቀስ ሁሉም ቀሩ። አልፈረድኩባቸውም፤ እርስዎም አይፍረዱባቸው።

፫ኛ. «ለፎሎው አፕ ነው የደወልነው፤ ሊፍቱ ተሠራ እንዴ?» የደወለችልኝ አንዲት ትሑት ልጅ ናት። ተሠርቷል ልትለኝ መስሎኝ ልቤ ዘለለ፤ ለካ እሷ ናት ከእኔ ልትሰማ የፈለገችው። የቢሮዎን ስም ስጠራ የሰማው ባለቤቴ ጋውኑን ደርቦ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ጋውኑን ተቀብዬ መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ቀልድ አደረገው። ጠዋት ሲነሣ እንደታመመች ዘመድ «ፎሎው አፕ እንዴት አደረች?» ይለኛል፤ እኔም «ትንሽ ተሽሏታል» እለዋለሁ። ቆይቶ ግን መጠየቁን ተወ። ክቡር ሆይ፣ ያ ዝምታው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ባስተማርኩት ቃል በባሌ ፊት ውሸታም አደረጉኝ፤ ለዚህ ምስጋና አላገኘሁለትም።

፬ኛ. ለዚህኛው ዓረፍተ ነገር የለኝም። ባለቤቴ አረፈ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው ብለዋልና ለሞቱ እርስዎን አልከስም። ጎረቤቶቻችን ሬሳ ሣጥኑን ተሸክመው ሲወርዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደረጃው ጠበበ፤ ሣጥኑ አልዞር አለ፤ ቢጨንቃቸው ቀጥ አድርገው አቆሙት። ሰውን አስቀምጦ እሱ ቆሞ ሲሠራ የኖረ ሰው ከቤቱም ቆሞ ወረደ። እኔም ቃሏን እንዳስተማርኳት፣ እስኪያልቅ ድረስ ከኋላው ተከተልኩት።

በጽሕፈት ቤትዎ ስም የላኩልኝ የሐዘን መግለጫም ደርሶኛል። ያመጣው ሠራተኛ አምስት ፎቅ ከብዶት ዘበኛው ጋ ትቶት ሄደ። እውነቱን ነው፤ ሊፍት የለም።

እንግዲህ ለእኔ ብለው አይቸገሩ፤ እኔ የምወርድበት ጉዳይ ቀንሷል። ጋውኑም ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው፤ ላወርደው አልቻልኩም። አራተኛ ፎቅ ላይ ግን ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር አለች። እሷን እባክዎ ፎሎው አፕ አያድርጉባት፤ ሊፍቱን ብቻ ያሠሩላት።

ለወንበርዎ ምቾት፣ ለጉልበትዎ ጽናት፣ ለፊርማዎ ረጅም ዕረፍት ከልብ የምትመኝ አክባሪዎ፣

የአምስተኛ ፎቋ መምህርት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ማጣበቂያ ስፈልግ ስልክ ተደወለ። ያቺው ትሑት ልጅ ናት፤ ለፎሎው አፕ። የሐዘን መግለጫ የሚጽፈው ክፍል ሌላ፣ የሚደውለው ክፍል ሌላ መሆኑን አሁን ተረዳሁ። ባለቤቴ መውረድ ችሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዎ፣ ወርዷል አልኳት። ከልቧ ደስ አላትና አመሰገነችኝ፤ ጉዳዩም እልባት አግኝቷል ተብሎ ተዘጋ። ጽሕፈት ቤትዎ ለእኔ ከዳር ያደረሰልኝ የመጀመሪያው ጉዳይ ነውና እንኳን ደስ አለዎ።