ውጭ የሚያድረው ማሽን

ኅዳር 30፣ ቅዳሜ
ምድጃው ከተነቀለ ዛሬ ሳምንቱ። ለእማዬ ሳንባ ብዬ ነው... ጭሱ ያስላት ነበር። አዲሱ ማሽን ክረምት ከበጋ ያገለግላል ተብሏል፤ በብርድ ያሞቃል፣ በሙቀት ያቀዘቅዛል። የገጠመው ቴክኒሻን ሲያስረዳኝ፣ ጓሮ ያለው ሳጥኑ ከውጭው አየር ሙቀት ለቅሞ ያስገባል አለ። በዚህ ብርድ ምን ይለቀማል? እንደገባው ሰው አንገቴን ነቀነቅኩ።

ታኅሣሥ 2፣ ሰኞ
ትናንት ቀኑን ሙሉ ሙቀት ነበር። ዛሬ ከማተሚያ ቤት ስመለስ ቤቱ በረዶ። እማዬ ካፖርቷን ደርባ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላለች።

ታኅሣሥ 3
ማሽኑን ሠላሳ ዲግሪ ላይ አደረግኩት። ያው ነው። እኔ ስኖር ይሠራል፣ ስወጣ ይለግማል። አለቃው መሆኔን በምን አወቀ?
የእማዬ ብርድ ልብስም እርጥብ ነው። ጣሪያው ያፈሳል እንዳልል ዝናብ የለም... ግራ ገባኝ።

ታኅሣሥ 5፣ ሐሙስ
ታላቅ እህቴ ደወለች። እማዬ ስልክ ላይ ስትንቀጠቀጥ ሰምታታለች። እሑድ መጥቼ እወስዳታለሁ አለች። "አንተ በማሽን ስትጫወት እናታችንን ልትገድላት ነው።" እውነቷን ይሆን? የእሷ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ነው። እማዬ ከሄደች ይሄን ቤት ለማን ብዬ አሞቀዋለሁ? ፈራሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ፈራሁ።
ቴክኒሻኑን ለመንኩት። ነገ ቀን ላይ ጎራ እላለሁ ብሏል።

ታኅሣሥ 6፣ ዓርብ
ጥራዝ እየሰፋሁ ስልኬ ጮኸ። ቴክኒሻኑ ነው። "ጋሼ፣ ማሽኑን ማነው ያለበሰው?"
እየሮጥኩ ሄድኩ። ጓሮ ያለው የማሽኑ ሳጥን በእማዬ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ታስሯል። እማዬ አጠገቡ ቆማ ጫማዋን ታያለች።
"ፊቱ አመዳይ ይዞ፣ ሲንቀጠቀጥ ሰማሁት" አለች። "እኛ ቤት ውስጥ፣ እሱ ውጭ... አላስቻለኝም።" ትስቅብኛለህ ብላ እኔ ስወጣ ታለብሰው፣ ከመምጣቴ በፊት ትገፍፈው ነበር። ቴክኒሻኑ በለሆሳስ አስረዳት፤ አየር የሚስበው በሳጥኑ ነው፣ ሲሸፈን ይታፈናል፣ አመዳዩንም ራሱ ያቀልጠዋል። እሷ "ውይ፣ አፍኜው ነው ለካ" ብላ ደነገጠች።
ልስቅ ወይስ ላልቅስ? እሷ እርጥብ ለብሳ ስታድር እኔ ጣሪያ ሳይ ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ እሑድ
እህቴ ባዶ ሻንጣ ይዛ ገባች። ቆይታ ካፖርቷን አወለቀች፤ ቆይታ ሹራቧን። ቢሆንም ተነሺ እንሂድ አለቻት። እማዬ ንቅንቅ አላለችም።
"ማሽኑ ሲታመም ቴክኒሻን አለው" አለች። "ይሄ ልጅ ማን አለው?"
አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ የምጠጣ መሰልኩ።
እህቴ ሻንጣዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች። ከአመዳይ መሃል ሙቀት እንዴት እንደሚለቀም ዛሬም አልገባኝም... ሃያ አንድ ላይ ትቼዋለሁ፣ አልነካውም። የእማዬ ብርድ ልብስ ደርቋል።