በሠንጠረዥ የሠራሁት ገጽ

ውድ በድሉ፣

የጥብቅና ፈቃድህን መልሰህ ልደታ ያለውን ቢሮህን እንደዘጋህ የነገረኝ የሕንፃው ጥበቃ ነው። "ጆሮዬ ከዳኝ፣ ከእንግዲህ የሰው ጉዳይ አልይዝም ብለው ሄዱ" አለኝ። ስልክ ስለማታነሳ እጽፍልሃለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለን በብሬል ያልተጻፉትን መጻሕፍት የማነብልህ እኔ ነበርኩ። መስመር ስዘል፣ "ገብሬ፣ ለፈተና የሚቀመጠው የእኔ ጆሮ ነው፤ አትቸኩልበት" ትለኝ ነበር። በዚያ ጆሮ ሠላሳ ዓመት ተከራከርክ።

የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ዓባይነህ ለጠበቆች የቀጠሮ ለውጥ የሚያወጣበትን ድረ ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። "ሁለት ዓምድ፣ ልክ እንደ ጋዜጣ፤ ለነገ ይድረስልኝ" አለኝ። ትክክለኛውን አሠራር አውቀዋለሁ፤ የማያውቁትን ስሰድብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እያንዳንዱ ቀጠሮ ከነስሙና ከነቀኑ አንድ ነገር መሆኑ በኮዱ ይገለጻል፤ የዓምዱ አቀማመጥ ለብቻው ይሠራል። እኔ ግን ቸኩዬ ሠንጠረዥ ዘረጋሁ። ስሞቹን በአንድ ረድፍ፣ ቀኖቹን ከሥራቸው ባለው ረድፍ ደረደርኩ። ለሚያይ ሰው ያምራል። ለአንተ ከኮምፒውተሩ በድምፅ የሚያነብልህ ፕሮግራም ግን ረድፉን ይዞ ወደ ጎን ነው የሚሄደው። "ሂርጳ፣ ዙሃራ፣ ሚያዝያ 26፣ ሚያዝያ 12" አለህ። ከደንበኛህ ከወይዘሮ ዙሃራ ስም ቀጥሎ የሰማኸው ቀን የሂርጳ ነበር።

ሚያዝያ 12 ጉዳዩ በሌላችሁበት ታየ። የጌጃ ሰፈር ቤታቸው ለከሳሽ ተፈረደ።

መዝገቡ እንዲከፈት ስታመለክት ከኋላህ ተቀምጬ ነበር። ዳኛው ምክንያትህን ሲጠይቁህ፣ "ቀኑን ተሳስቼ ሰምቼ ነው" አልክ። "ይህ በቂ ምክንያት አይሆንም" አሉህ። በድሉ፣ እኔ ገጹን የዚያኑ ዕለት ጠዋት ከፍቼ ጥፋቱን አግኝቼው ነበር። ኮትህን ጎተት አድርጌ መንገር እችል ነበር። ለስሜ ሳሳሁ።

አሁን ይግባኙም ጊዜው አልፏል። ባለፈው ሳምንት ወይዘሮ ዙሃራን እህታቸው ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። "ይሄን ይዤ የት ልሂድ?" አሉኝ። ገጹንም እንደገና ሠርቼ ሰጥቼው ነበር፤ ዓባይነህ "ዓምዱ ተንጋደደ" ብሎ የድሮውን መለሰው።

በአንተም ተናድጃለሁ። የማንንም ምስክር ሳትመረምር ያላለፍክ ሰው፣ በራስህ ላይ ሲሆን ምን አስቸኮለህ?

ፈቃድህን መልሰህ አውጣ አልልህም። ይቅር በለኝም አልልህም። የሰማኸው ግን በትክክል እኔ የጻፍኩትን ነው።

ገብረየሱስ