ላሞቹ የላሱት ነጭ ድንጋይ

ኅዳር 3 ቀን 2008፣ ነገሌ
ገበያ ደህና ነበር። ኦቦ ዋቆ ከሸለቆው ነጩን ድንጋይ በአህዮቻቸው ጭነው መጡ። ወቅጠን ለከብት መላሻ የምንሸጠው ነው። ላም እሱን ከላሰች ሜዳ ላይ የወደቀ አጥንት መቆርጠም ትተዋለች፤ ወተቷም ይጨምራል። አምስት ዓመት ሸጬ ቅር ያለው ደንበኛ አልገጠመኝም። ከተማው ውስጥ የሚገኘው ደግሞ እኔ ሱቅ ብቻ ነው።
ወንድሜ ዓብዱሰመድ ሲወቅጥ ውሎ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ሆነ። "ሸመገልክ እንዴ?" ብለው ኦቦ ዋቆ ሳቁበት።

ኅዳር 9
ዮርዲ የምትባል ልጅ የባትሪ ድንጋይ ልትገዛ መጣች። ከአዲስ አበባ ነች። ሥራዋ የጥንት እንስሳት ምን ይበሉ እንደነበር ከቅሪተ አካል ማጥናት ነው። ሣር ይሁን ቅጠል ጥርሱ ይናገራል አለች። ለማነጻጸር ደግሞ የዛሬ ከብቶችን መንጋጋ ከቄራ ትሰበስባለች።
"እኛም ከብት ስንገዛ ጥርስ እናያለን" አልኳት። "ልዩነቱ እኛ እናተርፋለን።"
ሳቀች። ወደድኳት።

ኅዳር 15
ሱቁን በጊዜ ዘግቼ ነው የምጽፈው...
ዮርዲ ጠዋት ግራ ገብቷት መጣች። ከቄራ ካመጣችው መንጋጋ ግማሹ ጥርሱ ቡናማ፣ የተቦረቦረ፣ እስከ ድዱ ያለቀ። ያረጁ ላሞች ናቸዋ፣ አልኳት። አይደለም፤ ከሥር ገና ያልወጣ ጥርስ አለ፣ ወጣት ናቸው አለች።
"እትዬ በድሪያ፣ የዚህ አገር ከብት ከሣር ሌላ ምን ይቀምሳል?"
ነጩን ድንጋይ ላሳያት በኩራት መጋዘን አስገባኋት። ከክምሩ አንድ አነሳች፣ አገላበጠች፣ ምላሷን አስነካችው።
"አንቺ፣ እሱ ለላም ነው።"
አልሳቀችም። ድንጋዩ ምላሷ ላይ ተጣብቆ ቀረ። አላቀቀችውና፣ "ድንጋይ እንዲህ አይጣበቅም፤ ይሄ አጥንት ነው" አለች። ሌላ አነሳች። ጡጫዬን የሚያህል ጥርስ። የዝሆን ዘመድ ነው፣ ዛሬ በምድር ላይ የለም አለች።
"ስንት ዓመት ወቀጣችሁት?"
ስነግራት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔም ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ምን ነበር ስሸጥ የኖርኩት?

ኅዳር 16
ረጋ ብዬ ጠየቅኳት። እንዲህ ነው የገባኝ... አጥንት መሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ሲቆይ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ከውሃ ይስባል። ጥጃ እሱን እየላሰ ካደገ ጥርሱ ጠንክሮ አይበቅልም፤ ቶሎ ያልቃል። ገና ያልበቀለ ጥርስ ግን መላሱ አሁን ከተተወ ሊተርፍ ይችላል።
ወተቱስ? እሱም እውነት ነው አለች፤ አጥንቱ ከሣሩ የጎደላቸውን ማዕድን ይሞላል። ስለዚህ ላሟ ትወፍራለች፣ ጥርሷ ያልቃል። ድርቅ ሲመጣ ደረቁን ሣር በምን ታኝከዋለች?
ናሙና አዲስ አበባ ላከች።
ዓብዱሰመድ፣ "እስኪረጋገጥ ድረስ እንሽጥ" ይላል።
"አንተ ላሰው፣ እሸጣለሁ" አልኩት። መጋዘኑን ቆለፍኩ።

ታኅሣሥ 6
ውጤቱ መጣ። እንዳለችው ነው።

ታኅሣሥ 8
ከዮርዲ ጋር ኦቦ ዋቆ መንደር ሄድን። መንገድ ላይ፣ "ይሄ ሁሉ ጫካ ነበር፤ የነዚያ የዝሆን ዘመዶች ጥርስ የቅጠል በል ጥርስ ነው" አለችኝ። ዙሪያዬን አየሁ። አቧራና እሾህ። ማን ያምናል?
"አካም፣ ናጋ?" ብዬ ኦቦ ዋቆን ሰላም አልኩ።
"ናጋ፣ ልጄ።"
ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ዋጋ ልትቀንሺብኝ ነው?" አሉ።
"ኦቦ ዋቆ፣ በነፃም ቢሰጡኝ አልወስድም።"
"አንቺ? በነፃ የሚሰጥሽን ትተሽ?" ሽማግሌዎቹ ሳቁ።
ደጃቸው የታሰረችውን ጊደራቸውን አፍ ከፍተው እንዲያዩ ለመንኳቸው። የተወለደችበትን ክረምት አውቃለሁ፣ አፏን ምን አደርጋለሁ አሉኝ። "አፍ የሚከፍት ገዥ ነው። ገዥ ደግሞ ዋጋ ለመቀነስ ሁልጊዜ 'አርጅታለች' ይላል።"
እኔስ ስንት ጊዜ እንዲያ ብዬ ገዝቻለሁ? የከብት ነጋዴው ሁሉ ያለቀ ጥርስ እያየ እውነቱን ሲናገር ኖሯል። ባለቤቱ ግን የዋጋ ክርክር ነው ብሎ አለፈው።

ጥር 2
ነጩ ድንጋይ ፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ይሸጣል። ኦቦ ዋቆ ለባለሱቁ መስጠት ጀምረዋል። ደንበኞቼም ተሻገሩ። በድሪያ ከኦቦ ዋቆ ጋር ተጣልታ ነው፣ ምቀኝነት ነው ይላሉ።
ዓብዱሰመድ፣ "እኛ ተውን፣ ላሞቹ አልተዉም" አለ። እውነቱን የሚነግረኝ አንድም ሰው ሲጠፋ እሱ ነገረኝ።

ጥር 9
ከብት ገበያ ሄድኩ። ዝናብ ስለጠፋ ሰው ሁሉ ሊሸጥ ወጥቷል። ኦቦ ዋቆ ያችን ጊደር ይዘው ቆመዋል። ወፍራም፣ ቆዳዋ የሚያብለጨልጭ። ከያቤሎ የመጣ ገዥ አፏን ገለጥ አድርጎ፣ "አሮጊት ነች" አለ።
"ገና አልወለደችም!" ተቆጡ። "በድሪያ፣ ነይ ንገሪው።"
ቀረብ አልኩ። "እኔን አያምኑኝም። አንቱ ይክፈቱ።"
ሰውየውን ሊያሳፍሩት ብለው ከንፈሯን ገለጡ። አዩ። በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ለቀቁና እንደገና ገለጡ። ጎናቸው የነበረው ሰው የራሱን ወይፈን አፍ ከፈተ። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ባለቤቶች የራሳቸውን ከብት አፍ ሲከፍቱ በዚህ ገበያ አይቼ አላውቅም።
ኦቦ ዋቆ ገመዱን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት።
"ጥጆቹንም ያንን ድንጋይ አስልሻለሁ" አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው፣ አልገባኝም።
የጥጆቹን ዕድሜ ጠየቅኳቸው። እያንዳንዱን በየክረምቱ ቆጠሩልኝ፤ የወተት ጥርሳቸውን ያልቀየሩ፣ ገና ሊተርፉ የሚችሉ አሉ። ለዮርዲ ደወልኩላት። ሱቁን ለዓብዱሰመድ ትቼ ተከተልኳቸው። አሁን በረታቸው አፍ ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው። የመጀመሪያውን ጥጃ ራሳቸው ይዘውታል... አፉን ግን እስካሁን አልከፈቱም።