ጋቢናው ለአዴ ጫልቱ

ዓለሜ፣ የልጄ አባት፣

ከተለየኸኝ አራተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እንዴት እንደከረምኩ ከመንገሬ በፊት አንድ ወሬ ላርም። እዚህ ሰበታ፣ በዕድራችን ሴቶች ዘንድ፣ «አስካለ ልጇን መኪና እንዳይገዛ ከለከለችው» ይባላል። «ምራቷን መኪና ላይ እንዳትወጪ ብላ ገዝታታለች» ያለችም አልጠፋችም። ሐሰት ነው። እኔ ያልኩት «ሳላየው እንዳትገዛ» ብቻ ነው። ማየት ሌላ፣ መከልከል ሌላ። አንተ ብትኖር ጎማውን በእግርህ መታ መታ አድርገህ የምታይለት አንተ ነበርክ፤ ስለሌለህ ማየቱ ለእኔ ደረሰ።

አንተን ግን አልደብቅህም። በልቤ የያዝኩት እነሱ ካወሩት የባሰ ነበር።

ዮናስ አባት ሊሆን ነው። ምራታችን ሲፈን ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። ሠርጋቸውን ባታይም ልጅቷን ታውቃታለህ፤ ታመህ ሳለ ብርቱካን ይዛ የመጣችው ረጅሟ ልጅ ናት። የሚኖሩት ከእኔው ጋር ነው። አንተ ታነብበት የነበረውን ክፍል ለእነሱ ለቅቄያለሁ። መጋረጃውን ቢጫ አደረገችው፤ ዝም አልኩ። የግቢውን በር ማጠፊያ አሁን ዘይት የሚቀባው ዮናስ ነው። እንደ አንተ አይደለም፤ ያንጠባጥባል።

ወጉን ታውቀዋለህ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ሄዳ ትታረሳለች። የሲፈን እናት አዴ ጫልቱ ያለችው ደግሞ ሱሉልታ ነው። ከሰበታ ሱሉልታ ማለት አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ እንጦጦን ወጥቶ መውረድ ነው። ከአንዱ ሚኒባስ ወደ ሌላው እየተጋፉ መሄድ ለነፍሰ ጡር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ መኪና ከተገዛ ሲፈን ትሄዳለች፤ ካልተገዛ እዚሁ እኔ ዘንድ ትታረሳለች፤ ሕፃኑን የማጥበው፣ ገንፎውን የማገነፋው እኔ እሆናለሁ። ዮናስ ደግሞ ያለ እኔ ቃል እንደማይገዛ አውቃለሁ። ነገሩ ሁሉ የቆመው በእኔ «አይሆንም» ላይ ነበር። ቃሉን አዘጋጅቼ ነው ከቤት የወጣሁት።

በዚያች ሴት እቀናለሁ፣ ዓለሜ። ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። የባቄላ እሸት ስትልክ በማዳበሪያ ሙሉ ነው። ዮናስ እኔን እናቱን «እማ» እያለ፣ እሷን «እማዬ» ይላታል። አማርኛውን ከኦሮምኛ እየቀላቀለች ስታወራ ሰው ሁሉ አፍ አፏን ያያል፤ እኔ አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳስተማሩኝ ዓረፍተ ነገሬን አስተካክዬ ስናገር ልጆቹ ስልካቸውን ያያሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ቡራዩ ወዳለ መኪና መሸጫ ሄድን። ለእኔም ለአዴ ጫልቱም መሀል ነው ብለው ልጆቹ የመረጡት ነው። ደላላው ሁለት መኪናዎች አሳየን፤ አንዷ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ አንዷ በቤንዚን። ዮናስ ልቡ ያለው ኤሌክትሪኳ ላይ ነበር፤ «የነዳጅ ወረፋ ቀረልኝ» ይላል። አዴ ጫልቱ «መብራት ሲጠፋ በምን ልትመጣ ነው፣ በበቅሎ?» ብላ ደላላውን ሳይቀር በሳቅ አንፈራፈረችው። ይህንኑ ጥያቄ እኔ ሐሙስ ዕለት ጠይቄያለሁ። ማንም አልሳቀም።

ኤሌክትሪኳ በዚሁ ቀረችና ቤንዚኗን ለመሞከር ስንነሳ ደላላው የጋቢናውን በር ከፍቶ አዴ ጫልቱን «እናት፣ ይግቡ» አላት። የዮናስ እናት መስላው ነው። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «እርስዎ ከኋላ፣ እማማ» አለኝ። ጋቢና የታላቅ ቦታ ነው፤ ታላቋ እኔ ነኝ። ዮናስ ያርመዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን «እማ፣ አንቺ ከሲፈን ጋር ግቢ» ብሎ የኋላውን በር ያዘልኝና መሪው ጋ ገባ።

ገና ከግቢው ሳንወጣ የአዴ ጫልቱ ስልክ ጮኸ። ባሏ ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ የት ደረሳችሁ ለማለት። ጥቂት ሄደን እንደገና ደወሉ። በኦሮምኛ ትቆጣቸዋለች፣ መልሳ ትስቃለች። «ይኼ ሰውዬ መኪና ይዛብኝ ትጠፋለች ብሎ ነው!» ትላለች ለእኛ። በጋቢናው ቀንቼ ነበር፤ በስልኩ ግን ይበልጥ ቀናሁ። እኔን አሁን የት ደረስሽ የሚለኝ ማን ነው?

ያኔ ዮናስን ወልጄ ከሆስፒታል የወጣሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ጭድ አራግፎ በሰበታ በኩል ወደ ተጂ የሚመለስ የጭነት መኪና ለምነህ አመጣህ። ፊት የነበረው ቦታ ለእኔና ለሕፃኑ ብቻ ነበር፤ አንተ ከላይ ወጣህ። ዝናብ ያዘን። በየኩርባው ጣሪያውን በመዳፍህ ትመታ ነበር፤ ደህና ናችሁ ማለትህ ነው። እኔም ከውስጥ እመታልህ ነበር። ሾፌሩ «እናንተ ሰዎች መኪናዬን ከበሮ አደረጋችሁት» ብሎ አማረረ።

ይህን ሳስብ በሆለታ መንገድ ዳገቱን እንወጣ ነበር። ሲፈን እጄን አንስታ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ሕፃኑ መዳፌን ገፋኝ። «ኧረ ይኼ ጉልበተኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አዴ ጫልቱ ለማየት ዞር አለችና ወዲያው ዓይኗን ጨፍና ወደ ፊት ተመለሰች።

«አንቱማ ታድለዋል፣ እትዬ አስካለ» አለች። «እኔ ከኋላ ከተቀመጥኩ ያስመልሰኛል። ዞር ብዬ እንኳ ማየት አልችልም። የልጅ ልጄን ይዘን ስንሄድም እኔ አስፋልት ሳይ ልኖር ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው ጋቢናውን የተውንላት፣ እማ» አለ ዮናስ። «የሕፃኑ ወንበር የሚታሰረው ከኋላ ነው። ከጎኑ ሰው ያስፈልገዋል፤ ያሰብነው አንቺን ነው።»

አዴ ጫልቱ ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራችም። ዝምታውን አወቅኩት፤ ስንት ጊዜ ዝም ብዬበታለሁ! ቀንታብኛለች። እስከዚህ ዕድሜዬ በእኔ የቀና ሰው አይቼ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ የምናገረው ቢሆንም፣ ደስ አለኝ። ሲፈን ትከሻዬ ላይ አንቀላፋች፤ እስክንመለስ አልተንቀሳቀስኩም።

ስንወርድ ሁሉም እኔን ጠበቁ። በእጄ አንድ ምክንያት ነበረኝ፣ ያውም እውነተኛ ምክንያት፤ ከኋላ የአንዱ ወንበር ቀበቶ አይቆልፍም። ለዚህ ብዬ «አይሆንም» ብል የሚከራከረኝ አልነበረም። ሲፈን ዓይኗን እያሸች አየችኝ። እናቷ ዘንድ መታረስ እንደምትፈልግ አንድ ቀን እንኳ አልነገረችኝም፤ ፈርታኝ ነው። ደላላውን «ይህ ቀበቶ ዛሬውኑ ይሠራ። በሩ ሕፃን ታቅፎ ለመውጣት ይመቻል። ይህችን እንወስዳለን» አልኩት። ዮናስ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። አዴ ጫልቱ ደግሞ አቀፈችኝ። «ለአንቱም አልጋ አለ። ሁለታችን ነን የምናርሳት» አለችኝ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽህም። ትናንት አዴ ጫልቱ ለሕፃኑ ስም ማሰብ እንደጀመረች ሰምቼ እራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። አንድ ነገር ግን ልትቀማኝ አትችልም። አንተን አታውቅህም። አያትህ እንዲህ ይራመድ ነበር፣ በዚህ ይስቅ ነበር፣ ይህን ዘፈን ሲሰማ ጋዜጣውን ያስቀምጥ ነበር ብዬ ለሕፃኑ የምነግረው እኔ ነኝ። አንድም ነገር አላጎድልም፤ እስከማርፍ ድረስ ከእኔ ዘንድ ቦታህ አይጠብም።

ነገ መቃብርህ ላይ የበቀለውን አረም እነቅላለሁ። ከዚያ ገበያ ወርጄ የገንፎ ገብስ እመርጣለሁ፤ ለሱሉልታ ብርድ የሚሆን ወፍራም ካልሲም እገዛለሁ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ለአዴ ጫልቱ ደውዬ እንዴት አደርሽ እላታለሁ፤ እሷ ሳትቀድመኝ።

አስካለ