ከገና በኋላ ይነገራት

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 24

እማዬ አላወቀችም።

ከአቦምሳ የተመለስነው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔና እህቴ አልማዝ። ደረጀን ትናንት ቀበርነው። የሁላችንም ታናሽ ነበር፣ አርባ አንድ ዓመቱ። ማክሰኞ ጧት ገብስ የጫነው መኪናው ወደ አቦምሳ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ረዳቱ ተርፏል። ደረጀ እዚያው አለፈ። ከረዳቱ አፍ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፤ ሌላ የማውቀው የለም።

እማዬ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ኅዳር ላይ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልወረደችም። እኔም እሷን ላስታምም ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ የመጣሁት ያን ጊዜ ነው። ደም ግፊቷ ከፍ ዝቅ ይላል።

"የት ከረማችሁ?" አለችን ስንገባ።

"ለቅሶ ደርሰን።"

"የማን?"

"እነደረጀ ሰፈር ነው" አለች አልማዝ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ።

"እግዜር ያጽናቸው። እሱስ ደህና ነው?"

ደህና ነው አልኳት። ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይጻፍ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የእድሩ ሰብሳቢ ቤት ተሰበሰብን። የእማዬ የንስሐ አባት፣ ሰብሳቢው፣ እኛ ሁለታችን፣ እና ከድር። ከድር አጥር የምንጋራው ጎረቤታችን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ፣ የመኪናም የብስክሌትም ጎማ ሲለጥፍ የኖረ ሰው።

"አምስት ቀን ነው የቀረው" አሉ የንስሐ አባቷ። "ጾሙን ትፈጽም፣ በዓሉን ታክብር። ከገና በኋላ ይነገራት።"

ከድር ራሱን ነቀነቀ። "እኛ ጋ ሞት ሳይነገር አያድርም አባ። ያ ረቢ! ፊቷ ላይ ስትስቁ ልትከርሙ ነው?"

"አሁን ብንነግራት ድንገት ብትሄድብንስ?" አለች አልማዝ።

"ብትሄድ በልጇ ሐዘን ሄደች። የኔን ካላችሁ፣ እኔ አላወራም፤ አፌን እይዛለሁ። ግን ቤቷ ገብቼ አልዋሽም።"

መርዶው ረቡዕ ታኅሣሥ 30፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። እኔም ተስማማሁ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 25

ዛሬ የደበቅናቸው፦

የእማዬ ስልክ። ሊያጽናናት የሚደውል ሰው ይኖራል። ወድቆ ተሰበረ፣ ለጠጋኝ ሰጠነው አልናት።

የአልማዝ ጥቁር ልብስ። ከድር ሱቅ፣ ከጎማዎቹ ኋላ በፌስታል ተቀምጧል።

የአልማዝ ጉንጭ። ቀብሩ ላይ ፊቷን ነጭታለች፤ በቅባት አልሸፈን አለ። ድመት ቧጨረችኝ አለች።

"የማን ድመት?" አለች እማዬ።

"የጎረቤት።"

"ምን አድርገሻት ነው? ድመት እንዲህ የምትቧጭረው ልጇን ሲነኩባት ነው።"

አልማዝ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ቆየች።

የሰፈሩ ሰው። ሴቶቹ በየተራ እየገቡ "እንዴት አደሩ" ይሏታል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው በር ላይ ሲደርሱ ያስተካክላሉ። አንዷ ረስታ ገብታ ነበር። እማዬ ዐይኗ ደከም ስላለ አላየችም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። በአደጋ የሞተ ሰው ዜና ሲመጣ፣ ስሙን ከማውጣታችን በፊት ሪፖርተሩን የምጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ቤተሰቡ ሰምቷል ወይ? ካልሰማ ስሙ ከዜናው ይቀራል። ብዙ ጊዜ ጠይቄአለሁ። ቤተሰቡ ውስጥ ማን እንደሰማና ማን እንዳልሰማ ግን ጠይቄ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26

እማዬ ደስ ብሏት ዋለች። የገናን ሥርዓት ተኝታ ታዛለች።

ሥርዓቱ የአባዬ ነው። መምህር ነበር። ገና ከሰዓት በኋላ ሁላችንን አስቀምጦ መጀመሪያ ከመጽሐፍ ያስነብበናል፤ ከዚያ እያንዳንዳችን የዓመቱን ትዝታ እናወራለን፤ በመጨረሻ ዘፈን። እሱ ካለፈ በኋላም አልቀረም። ማንበቡ የደረጀ ድርሻ ነበር። ድምፁ ለዚያ የተሠራ ነው። የሚነበበው ያው ጀርባው በአቡጀዲ የተሰፋው የአባዬ የተረት መጽሐፍ ነው፤ በየዓመቱ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

"ዘንድሮ ስልክ አልፈልግም" አለች። "በአካል እመጣለሁ ብሎኛል። ሦስት ዓመት በስልክ ዘፈነልኝ፤ ይበቃኛል።"

ከሰዓት የደረጀ ሚስት ደወለች። ወደ ግቢው ወጥቼ አነሳሁት።

"እማማ ሰሙ?"

"ገና ነው።"

"ልጆቹ አያታችን ለምን አልመጣችም ይሉኛል። ምን ልበላቸው ጋሼ?"

ታማለች በያቸው አልኳት። ይህ እንኳ እውነት ነው።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

እማዬ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የደረጀን ክራር አስወርዳ ዳሰሰችው። ሁለት ክሩ ተበጥሷል።

"ከድርን ጥራው። ሽቦ ያምጣ። ልጄ መጥቶ በተበጠሰ ክራር ይጫወት?"

ደረጀ የክራሩን ክር የሚሠራው ከብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነው፤ ፈትሎ፣ ቀጫጭኑን ለይቶ። ሽቦውን የሚሰጠው ሁልጊዜ ከድር ነው።

ሱቁ ሄድኩ። ከድር ከፍሬን ሽቦው አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ሰጠኝ።

"ና ትልሃለች።"

"ሰምቻለሁ።"

"በየገናው ትመጣ ነበር። ብትቀር ትጠረጥራለች።"

"ጌታቸው፣ ሽቦው ውሸት አይደለም፤ ውሰድ። እኔን ተወኝ።"

ክሩን አልማዝ ወጠረችው። ሁለት ጊዜ ጣቷን ወጋት። ለሞተ ሰው ክራር ስንወጥር ዋልን።

"ከድርስ?" አለች እማዬ።

"ሥራ በዝቶበታል።"

"በእሑድ?"

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 28

ዛሬ ብዙ አልጽፍም። ጉንፋን የሚያስይዝ ብርድ፣ ከጭላሎ ተራራ በኩል ጉም። አልማዝ የነገውን ዶሮ ሽንኩርት ከትፋ የማያልቅ እንባ አለቀሰች። ሽንኩርት ጠቀመን።

የእማዬ ደም ግፊት ዛሬ ደህና ነው። ከወር ወዲህ እንዲህ ደህና ሆኖ አያውቅም። ደስታ ነው ይላል ከጤና ጣቢያ መጥቶ የለካት ልጅ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት። እማዬ በትራስ ተደግፋ፣ አዲስ ነጠላ ለብሳ። እኔ፣ አልማዝ፣ ሁለት የሰፈር ሴቶች። የከድር ወንበር ባዶ።

"ደረጀስ?"

መኪናው ተበላሽቶበታል፣ መንገድ ላይ ነው አልናት። ማምሻውን እንዳይጠበቅ ደግሞ ጨመርኩበት፤ ዛሬ የሚደርስ አይመስልም አልኩ።

"እንግዲያው ደውልልኝ።"

"ኔትወርክ የለም።"

ነጠላዋን አስተካከለችና "ጀምሩ" አለች።

መጽሐፉን ገለጥኩ። ደረጀ በመጨረሻ የመጣ ጊዜ ባቆመበት ገጽ መካከል አንድ የጭነት ወረቀት እጥፍ ብሎ ተቀምጧል። ማንበብ ልጀምር ስል እጇን ዘረጋች።

"የሱን ቦታ አትንካ። ካለፈው አንብብ።"

ያለፈውን አነበብኩ። ትዝታ ላይ አልማዝ አንድ ዓረፍተ ነገር አልወጣላትም። እማዬ በሁላችንም ፈንታ አወራች። ከዚያ ራሷ ዘፈነች፤ ደረጀ አምና በእኔ ላይ ያወጣውን ግጥም፣ እያጨበጨበች፦

የዓለሙን ወሬ ሲጽፍ ሲጽፍ ኖረ፣
የናቱ ቤት ወሬ ሳይደርሰው ቀረ።

"አጨብጭብ እንጂ! ተሰደብክ ብለህ ታኮርፋለህ?" አለችኝ እየሳቀች። አጨበጨብኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። አልማዝም እልል አለች፤ እንዴት እንደቻለች አላውቅም።

ሴቶቹ ሲሄዱ ጠራችኝ።

"ስልኩ እምቢ ካለ ጻፍልኝ። አንተ ጸሐፊ አይደለህ? ለመኪና ሰው ስጥለት። ሳልሞት የምነግረው ነገር አለኝ።"

በዚሁ ደብተር ጀርባ ጻፍኩ። እንደተናገረችው ነው፤ አንድ ቃል አልጨመርኩም፦

"ደረጀ ልጄ። መንገዱ እንዴት ነው? ዘንድሮ ሳትመጣ ቀረህ፤ አልተቀየምኩም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆንህ በዘይት ቆርቆሮ የሠራኸው ክራር ነበር። በገና ዋዜማ ጠፋ። ሌባ ወሰደው አልኩህ። ሌባ አልወሰደውም። ምድጃ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ትምህርቱን ትቶ አዝማሪ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። አንተ የከድርን ልጅ ጠረጠርክ። በራቸው ላይ ቆመህ ሌባ ብለህ ሰደብከው። እኔ በመስኮት እያየሁ ዝም አልኩ። ከድር ሳይቆጣህ የፍሬን ሽቦ ሰጠህ፣ ሌላ ክራር ሥራ ብሎ። ይኸው ነው። በአፌ ልነግርህ ነበር የጠበቅኩህ። እስከዚያ በወረቀት ይድረስህ።"

"አንብብልኝ" አለች። አነበብኩላት።

"ነገ ላክለት። አደራ።"

እሺ አልኩ። የእጅ ጽሑፌ አንድ ፊደል አልተዛባም። ለመመካት አይደለም የምጽፈው። ቢዛባ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 30

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሽማግሌዎቹ ገቡ። የንስሐ አባቷ ነገሯት።

ጮኸች። የፈራነው አልሆነም። የሆነው ሌላ ነው።

"መቼ?"

"ያለፈው ሳምንት ማክሰኞ።"

ጣቶቿን እያጠፈች ወደ ኋላ ቆጠረች። ማክሰኞ፣ ሰኞ፣ እሑድ። ስምንት ላይ ቆመች።

"ትናንት አስዘፈናችሁኝ" አለች።

አልማዝ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ልጄ አፈር ለብሶ ዶሮ አጎረሳችሁኝ። በልጄ ግጥም አስጨበጨባችሁኝ። አባ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?"

"ለአንቺ አስበን ነው ልጄ። በዓሉን…"

"በዓሉ የእግዜር ነው። ልጁ የእኔ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ለእኔም ለአልማዝም አልተናገረችም። ለሽማግሌዎቹ ከአልጋ አውርዳችሁ መሬት አስተኙኝ አለቻቸው፤ ከነሕመሟ ፍራሽ ላይ አወረድናት። ውሃ እምቢ አለች። መድኃኒት እምቢ አለች። ረፋዱ ላይ እድሩ ድንኳን ተከለ።

ከድር የመጣው ያኔ ነው። ጫማውን አውልቆ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

"አንተ ለዚህ ነው የቀረኸው" አለችው።

"አዎ እትዬ በላይነሽ።"

እጁን ያዘችው። እስኪመሽ አልለቀቀችውም። ውሃ ግን በእሱም እጅ አልጠጣችም።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ዛሬም እህል ውሃ አልቀመሰችም። ከንፈሯ ደርቋል። ሊለካት የመጣው ልጅ ግፊቷን አይቶ ወደ ውጭ ጠራኝ፤ "ዛሬ ካልጠጡ ሆስፒታል ነው፤ ነገን አልጠብቅም" አለ። አልማዝ እግሯ ሥር ተደፍታ ለመነቻት። እማዬ ጣሪያውን ታያለች።

የሠራነውን ሳስበው፣ ግፊቷን ፈርተን የደበቅነው ነገር ነው አሁን የሚገድላት። ከድር ልክ ነበር። ይህን ነገርኩት። "አሁን ልክ መሆን ለማን ይጠቅማል?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። አልቃሿ ስለ ደረጀ ግጥም ታወጣለች፤ ጀግና ነበር፣ ፈረሰኛ ነበር ትላለች። ፈረስ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። እማዬ ከውስጥ ሰማቻት።

"ዝም በሏት" አለች። ድምፅዋን ካወጣች ሙሉ ቀን ሆኗታል። "ልጄን አታውቀውም። ጌታቸው!"

ሄድኩ።

"ከትናንት ወዲያ ላክልኝ ያልኩህ ደብዳቤ የት አለ?"

"እኔ ጋ ነው።"

"ስትጽፈው ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

ወደ ድንኳኑ ጠቆመች። "አንብበው። ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገህ።"

በሩ ላይ ቆምኩና ወደ ድንኳኑ ዞሬ አነበብኩ። ሌባ አልወሰደውም የሚለው ላይ ስደርስ ቀና አልኩ። ከድር ከወንዶቹ መካከል ተቀምጧል። ስለ ልጁ የሚለውን ሳነብ ጎንበስ ብሎ በሥራ የጠቆረ እጁን ያይ ነበር። ስጨርስ ተነስቶ ወደ እሷ ገባ።

"ይቅር በለኝ ከድር። ልጅህን አሰድቤዋለሁ።"

"አውቅ ነበር እትዬ። ያን ዕለት የተቃጠለ የቆርቆሮ ቀለም ሽታ በአጥር መጣ። ጎረቤት አይደለሁ?"

"አላወራህም።"

"አልተጠየቅኩማ።"

የሚያስቅ አልነበረም፤ ግን ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ አየሁ። ወደ እኔ ዞረች። ከትናንት ጧት ወዲህ ዐይን ዐይኔን ስታየኝ የመጀመሪያዋ ነው።

"አንድ ነገር ቀርቷል። ጻፍ።"

መሬት ተቀምጬ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

"ልጆቼም ዋሹኝ። ከእኔ ነው የተማሩት። እንዲያ በል።"

ጻፍኩ።

"አንብበው።"

አነበብኩላት። አልማዝ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"ልክ ነው" አለች እማዬ። ከዚያ ለአልማዝ፣ ሳታያት፣ "ውሃ" አለቻት።

ግማሽ ብርጭቆ ጠጣች። ሌላው ግማሽ ፈስሷል። ይቅር አለችን ብዬ አልጽፍም፤ አላለችም። የጠጣችው ግማሽ ብርጭቆ ነው።